የድሬ ሼክ ሁሴን ዝያራ
የድሬ ሼክ ሁሴን ዝያራ በባሌ ወደሚገኘው የሼክ ሁሴን መቃብር የሚደረግ የሙስሊሞች መንፈሳዊ ጉዞ ሲሆን፣ በተለይ በዓረፋና በመውሊድ ሰሞን ይደምቃል። ሼኩ ከ12ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአካባቢው እስልምናን እንዳስፋፉ ይታመናል፤ መቃብራቸውን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሐረሩ አሚር አብዱሸኩር እንዳሠሩት ይነገራል።

ጉዞው በተለምዶ በእግር ሲሆን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ብቻውን የሚወጣ ጥቂት ነው፤ ጋሪባ የሚባሉት ተጓዦች ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ከባልንጀራና ከጎረቤት ጋር ተያይዘው ይነሳሉ፣ በየመንደሩም ይስተናገዳሉ። መለያቸው ኡሌ ሼክ ሁሴን የሚባለው፣ ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ በትር ነው። መንገዱን ሼኩን በሚያወድሰው በባህሮ ዜማ ይገፋሉ፤ በኖራ የተለሰነው ነጭ ግቢ ዘንድ ሲደርሱም ጫማቸውን ያወልቃሉ። በድርቅና በሕመም ጊዜ የተሳሉትን ስለት የሚያገቡትም እዚሁ ነው።

ሥፍራው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ይገኛል። ሌላው ተመሳሳይ የዝያራ ሥፍራ በሐርጌሳ አቅራቢያ፣ ወደ በርበራ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው አው በርኸድሌ ሲሆን፣ የሼክ ዩሱፍ አል ከውነይን መቃብር ይገኝበታል። በዚያ አካባቢ ትውፊት አው በርኸድሌን ሦስት ጊዜ የዘየረ ሰው አንድ ሐጅ እንዳደረገ ይቆጠራል።