አንድ ማዕረግ፣ ሁለት በር

«ዶክተር» በጥንት ላቲን «አስተማሪ» ማለት ነበር። ወደ አገራችን ሲገባ ግን ሐኪሙንም፣ ተመራማሪውንም፣ በክብር የተሸለመውንም በአንድነት አቀፈ። ልደታ በምሠራበት ባንክ፣ በደንበኛ ቅጽ ላይ «ዶ/ር» ተጽፎ ባየሁ ቁጥር «በየትኛው በር የገባ ይሆን?» እላለሁ በልቤ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዶክትሬት በክብር ሰጣቸው። አልተፈተኑም፤ የጥናት ጽሑፍም አላቀረቡም። የተከበሩት እርሳቸውና የወከሏት አገር ናቸው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው የማዕረግ ስም፣ ሌላ በር ደግሞ አለ። የሕግ ሊቁ ብዙ ዘመን የደከመባቸውን የታተሙ ሥራዎች ያቀርባል፤ መርማሪዎች አንብበው ለሙያው ዘላቂ ዕውቀት መጨመሩን ይመሰክራሉ። ካልመሰከሩለት ባዶ እጁን ይመለሳል። ከፍተኛ ዶክትሬት የሚባለው ይህ ነው። ፒኤችዲ የተመራማሪ መግቢያ ሲሆን ይኸኛው የዘመን አዝመራ መስፈሪያ ነው።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የብሉያትን፣ የሐዲሳትን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን ትርጓሜ ያደላደለ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። ይህን ስም ንጉሥ አይሰጠውም፤ ጉባኤው ይመሰክርለታል እንጂ። «ብላቴን ጌታ» ግን የቤተ መንግሥት ሹመት ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በሹመት ብላቴን ጌታ ተባሉ፤ መጻሕፍታቸውን ግን ሹመቱ አልጻፈላቸውም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሐዲስ ዓለማየሁም፣ ለጥላሁን ገሠሠም የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል። ለሁለቱም ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ አንዱ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እና ተከትለው በመጡት መጻሕፍቱ፣ ሌላው ሕዝብ በወደደው ድምፁ የታወቁ ናቸው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ከፍተኛው ዶክትሬት ስላልተለመደ፣ የክብሩ ዶክትሬት የምስጋናንም የምዘናንም ሸክም ብቻውን ተሸከመ። ያው ካባ ነገ ለባለሀብት ወይም ለባለሥልጣን ሲደረብ፣ ምስጋና ይሁን ምስክርነት በምን እንለየዋለን?

አማርኛችንም ግራ መጋባቱን አባብሶታል። «የክብር ዶክተር» የማዕረጉን ዓይነት ይናገራል፤ «ክቡር ዶክተር» ግን እንደ «ክቡር ሚኒስትር» ሰውየውን ያከብራል እንጂ ማዕረጉ ከየት እንደመጣ አይናገርም። በጥቂት የፊደል ልዩነት ታሪኩ ይሰወራል። በእንግሊዝ ልማድ ደግሞ የክብር ዶክትሬት የተቀበለ ሰው በአብዛኛው ራሱን «ዶክተር» ብሎ አይጠራም።

ክብር አይቅር፤ ሥነ ጽሑፍና ሙዚቃ ከዩኒቨርሲቲ አደባባይ መመስገናቸው ደግ ነው። እንዲያውም ሙላቱ አስታጥቄን በ2004 ዓ.ም. በክብር ዶክትሬት ያከበረው የተማረበት የበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ነው። እኔ የምለው፣ ማዕረጉን ስንጽፍ ማን እንደሰጠውና ስለ ምን እንደተሰጠ አብረን እንጻፍ ነው። ያን ጊዜ ሐዲስን የምናከብር ሰዎች መጽሐፉን ለመግለጥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት እናገኛለን።