ቀጠሮ ያዥ፦ ከጽሕፈት ሚኒስቴር እስከ ኮምፒዩተር

ስለ ሌላ ሰው ሆኖ ቀጠሮ መያዝ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ሙያ አይደለም። በቤተ መንግሥት ባለ ጉዳዩን ተቀብሎ የሚያስገባው አጋፋሪ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላም ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሚቀርበውን ጉዳይና ከዚያ የሚወጣውን ትእዛዝ በእጃቸው ያዙ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው ዐዋጅ የንጉሠ ነገሥቱ ቢሆንም፣ ከግርጌው የጸሐፌ ትእዛዝ ስም ይነበብ ነበር። ሰው ይፈራቸው የነበረው ስለዚሁ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህ ሥራ ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ደግሞ ከሰፈራችን ጋር ጥቂት ይነካካል። ከፍሌሚንግደን ፓርክ አጠገብ፣ በዶን ሚልስና በኤግሊንተን መንገዶች መገናኛ፣ አይቢኤም በ1951 እ.ኤ.አ. ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ፕሮፍስ የተባለ ፕሮግራም የቢሮውን ደብዳቤና ቀጠሮ አንድ ላይ አደረገ። በ1997 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍት አውትሉክ ተከተለ። በአውትሉክ አለቃው ለጸሐፊው ውክልና ይሰጣል፤ ጸሐፊው የስብሰባ ጥሪ ሲልክም ተቀባዩ «እገሌ፣ ስለ እገሌ» የሚል ያነባል። አለቃው «የግል» ያለውን ቀጠሮ ግን ካልተፈቀደለት ዝርዝሩን አያይም። አጋፋሪ እንዲህ ያለ ገደብ የነበረበት አይመስለንም!

ለእኛ ማኅበር ጣጣው ሌላ ነው። እናቶቻችን ጠዋት «3 ሰዓት» የሚሉት በዚህ አገር አቆጣጠር 9 ነው። ልጅየው ኮምፒዩተሩ ላይ ከቀትር በኋላ 3 ብሎ ቢመዘግብ በእናቲቱ ቋንቋ 9 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አንዱ እኩለ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ ሁለቱም የሥራ ሰዓት በመሆናቸው ግን ማንም ሳይጠረጥር ቀኑ ይደርሳል። የሐኪም ቀጠሮ ያመለጣት እናት ሌላ ለማግኘት ወራት ልትጠብቅ ትችላለች። በስደተኝነት ጉዳዩ የተቀጠረ ሰው ችሎቱ ካመለጠው ደግሞ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል።

የወር ማኅበርም እንዲሁ ነው። ኅዳር 12 ቀን ሚካኤል በተለመደው ዓመት ኖቬምበር 21 ይውላል፤ የታኅሣሡም ዲሴምበር 21። «በየወሩ በ21» ብሎ ያዘዘ ሰው የጥር ሚካኤል ጃንዋሪ 20 ስለሆነ በማግሥቱ ጠላ ይዞ ይመጣል። «በየ30 ቀኑ» የሚለው ትእዛዝ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከነሐሴ በኋላ ጳጉሜን ሲመጣ ይፈርሳል።

ስለዚህ በማኅበራችን ለሽማግሌዎችና ለእናቶች ቀጠሮ የሚይዙ ወጣቶች በኮምፒዩተሩ ብቻ አይረኩም። የሁለቱን አገር ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፈው ለባለ ጉዳዩ ይሰጣሉ፤ ከግርጌው የጻፈው ሰው ስም ይሰፍራል።