ኦስካሩን የሚወስድ የጠፋበት ምሽት

ማርች 27 ቀን 1957 እ.ኤ.አ.። ሆሊውድ በሚገኘው ፓንቴጅስ ቲያትር የኦስካር ሽልማት እየተሰጠ ነው። ተዋናይዋ ዴቦራ ኬር ፖስታውን ከፈተችና የዓመቱ ምርጥ የፊልም ታሪክ ደራሲ «ዘ ብሬቭ ዋን»ን የጻፈው ሮበርት ሪች መሆኑን አነበበች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ግን ጠፋ። የደራሲያኑ ማኅበር ምክትል ፕሬዚዳንት ጄሲ ላስኪ ጁኒየር ወደ መድረኩ ወጣና፣ ሪች ባለቤቱ ልትወልድ ስለሆነ ከእሷ ጋር ሆስፒታል መሆኑን ተናግሮ ሐውልቱን በስሙ ተቀበለ።

በኋላ የማኅበሩ መዝገብ ሲገላበጥ ሮበርት ሪች የሚባል አባል የለም። ጋዜጠኞች ፍለጋ ወጡ። ስሙ የተገኘው ከፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች ከኪንግ ወንድማማቾች ዘመድ ነው፤ የእህታቸው ልጅ ሮበርት ሪች ይባላል። እሱ ግን ደራሲ አልነበረም። ታሪኩን የጻፈው ሰው ስሙ በማንኛውም የአሜሪካ ፊልም ላይ እንዳይወጣ ከተፈረደበት 10ኛ ዓመቱን እየያዘ ነበር። ዳልተን ትራምቦ ይባላል።

ከልጅነቴ ጀምሮ የሬዲዮ ድራማ ሲጀምር «ድርሰት እገሌ፣ ዝግጅት እገሌ» ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ የጸሐፊ ስም ከሥራው ተነጥሎ መኖር መቻሉ ለመቀበል የሚከብድ ነገር ሆኖብኝ ቆይቷል። የትራምቦን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ፊልሙ ይታያል፣ ገንዘብ ያስገባል፣ ይሸለማል፤ አባቱ አይጠራም።

ትራምቦ በ1905 በኮሎራዶ ግዛት ተወልዶ ግራንድ ጀንክሽን በምትባል ትንሽ ከተማ አደገ። ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወረ በኋላ አባቱ ሞተ፤ እናቱንና ሁለት ታናናሽ እህቶቹን የማስተዳደሩ ነገር በእሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ተቀጥሮ 8 ዓመት ያህል በሌሊት ፈረቃ ሠራ። ሌሊት ከዳቦው ጋር አድሮ ቀን ይጽፋል። አጫጭር ታሪኮች፣ ረጃጅም ልብ ወለዶች፤ አብዛኞቹን አሳታሚ መልሶ የላካቸው። ከዚያ ዳቦ ቤት የወጣው በ1934 ነው፤ ዋርነር ብራዘርስ የሚቀርቡለትን ጽሑፎች አንብቦ ሐሳቡን የሚያቀርብ ሰው አድርጎ ቀጠረው። ብዙ የስክሪፕት ጸሐፊዎች በዚህ በር ገብተዋል። የሌላውን ሰው ጥሩና መጥፎ ድርሰት በየቀኑ እያነበቡ፣ የት ላይ እንደሚደክምና የት ላይ እንደሚነሣ ዓይናቸው ይለያል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፈጣን ነበር። በ1939 ያሳተመው «ጆኒ ጎት ሂዝ ገን» የተባለው ፀረ ጦርነት ልብ ወለዱ ተሸለመ። በ1940 በወጣው «ኪቲ ፎይል» ፊልም ለኦስካር ታጨ። በጦርነቱ ማብቂያ ሰሞን ኤምጂኤም ስቱዲዮ በሳምንት 3,000 ዶላር፣ ወይም በአንድ ፊልም 75,000 ዶላር የሚከፍለው፣ ከሆሊውድ ውድ ደራሲዎች አንዱ ሆነ። በ1943 ደግሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። ፓርቲው በዚያን ዘመን ያራምዳቸው ከነበሩ አቋሞች ውስጥ ዛሬ ቆሜ የምከራከርለት ብዙ የለም። ነገር ግን የተከሰሰው ሰው ያሰበው ነገር ስህተት መሆኑ የከሳሹን ሥራ አያጸዳም።

በኦክቶበር 1947 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት «ፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴ»ን ይመረምራል የተባለውን ኮሚቴ ይዞ ሆሊውድን ጠራ። ክሱ ኮሚኒስቶች በፊልም ድርሰት ውስጥ ፕሮፓጋንዳ እየሸሸጉ ነው የሚል ነበር። ትራምቦ ተራው ደርሶ ሲቀርብ የጻፋቸውን 20 ስክሪፕቶች ይዞ ገባ። ኮሚቴው ይመልከታቸው፣ ፕሮፓጋንዳ የተባለው የቱ ጋ እንዳለ ያሳየኝ ብሎ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዙ ጠየቀ። ሰብሳቢው ጄ. ፓርነል ቶማስ ገጹ በዝቷል ብሎ አልተቀበለውም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች በጽሑፋቸው ተከስሰው ቆመዋል። ጽሑፉ ጠረጴዛ ላይ አለ። የሚያነበው የለም። ኮሚቴው መስማት የፈለገው አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነህ ወይስ አይደለህም? አባል ነበርህ ወይስ አልነበርህም? ትራምቦ ይህን ጥያቄ የመናገርና የማሰብ ነፃነትን የሚያረጋግጠውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ተመርኩዞ አልመልስም አለ። እሱን ጨምሮ እንቢ ያሉት 10 ሰዎች ምክር ቤትን በመድፈር ተከሰሱ። ዛሬ «የሆሊውድ አሥሩ» በመባል ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም ደራሲዎች ነበሩ። በኖቬምበር መጨረሻ የስቱዲዮ አለቆች ኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተሰብስበው አሥሩን ከሥራ ማባረራቸውን፣ ከእንግዲህም እያወቁ ኮሚኒስት እንደማይቀጥሩ አወጁ። ጥቁር መዝገቡ የተከፈተው በዚህ ነው።

ትራምቦ በጁን 1950 ኬንታኪ ግዛት ውስጥ አሽላንድ ወህኒ ቤት ገብቶ 10 ወር ያህል ታሠረ። ከአሥሩ መካከል ሪንግ ላርድነር ጁኒየርና ሌስተር ኮል ደግሞ ወደ ዳንበሪ ወህኒ ቤት ተላኩ። እዚያ ሲደርሱ ያገኙት ሰው ጄ. ፓርነል ቶማስ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ምንም ሥራ ለማይሠሩ ሰዎች የመንግሥት ደመወዝ እያስመዘገበ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ሲያስገባ ተይዞ ተፈርዶበታል።

ጥቁር መዝገቡ ሁሉንም በእኩል አልመታም። ተዋናይ ፊቱን የት ያደርገዋል? ዳይሬክተር ካሜራው ዘንድ ቆሞ ትእዛዝ ካልሰጠ ምኑን ዳይሬክተር ሆነ? ጸሐፊ ግን ቤቱ ተቀምጦ ጽፎ ወረቀቱን በሰው እጅ ሊልክ ይችላል። ወረቀት መልክ የለውም። ስለዚህ በርካታ ተዋንያን እስከ መጨረሻው ከሙያው ሲወጡ፣ ደራሲዎቹ በጓሮ በር መግባት ጀመሩ። አንዳንዱ የውሸት ስም ይጠቀማል። ሌላው በሕይወት ያለ ደራሲ ስሙን እንዲያውሰው ይለምናል። ስቱዲዮዎቹም በፊት ለፊት በር ያባረሩትን ሰው ድርሰት ማታ ማታ በጓሮ ይገዙ ጀመር፤ ያውም በርካሽ። ፊልም ያለ ድርሰት አይሠራማ።

ርካሽነቱን በአንድ ቁጥር ልናገር። ትራምቦ ለኪንግ ወንድማማቾች የጻፈው «ገን ክሬዚ» ዛሬ የፊልም ተማሪዎች የሚያጠኑት ሥራ ነው። በ1950 ሲወጣ በእሱ ፈንታ በደራሲነት የተጻፈው የሚላርድ ካውፍማን ስም ነበር። ክፍያው 3,750 ዶላር፤ ኤምጂኤም ለአንድ ፊልም ይከፍለው ከነበረው ልክ አንድ ሃያኛው ነው።

ከእስር ሲወጣ የእርሻ ቦታውን ሸጦ ከባለቤቱ ከክሊዮና ከሦስት ልጆቹ ጋር ሜክሲኮ ሲቲ ገባ። እዚያ ያየው የኮርማ ፍልሚያ ነው በኋላ «ዘ ብሬቭ ዋን» የሆነው። አንድ የገበሬ ልጅ ያሳደገው ኮርማ ወደ ፍልሚያው ሜዳ ይወሰዳል፤ በጀግንነት ሲዋጋ ያየው ሕዝብ ምሕረት ይደረግለት ብሎ ይጮኻል፤ ኮርማው ነፍሱ ይተርፋል። ይህን የጻፈው ምሕረት ያልተደረገለት ሰው መሆኑን አውቆ ፊልሙን ማየት ሌላ ነገር ነው።

ትራምቦ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነበር፤ የዳቦ ቤቱ ልማድ ሳይለቀው አልቀረም። የጀርባ ሕመም ስለነበረበት ገንዳ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶ ይገባል፤ በገንዳው ላይ አግድም ሳንቃ ያስቀምጣል፤ ሳንቃው ላይ ወረቀት፣ መተርኮሻ፣ የሚጠጣ ነገር። ሲጋራው አይጠፋም። ልጁ ሚትዚ በዚህ ሁኔታ ያነሣችው ፎቶግራፍ በዓለም ታውቋል። ባደገባት በግራንድ ጀንክሽን ዋናው መንገድ ላይም ዛሬ ገንዳው ውስጥ ተቀምጦ ሲጽፍ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል። ለተለያዩ የውሸት ስሞቹ የተለያየ የባንክ ሒሳብ ነበረው። ልጆቹም የአባታቸውን ሥራ ለጎረቤት ልጅ እንኳ መንገር እንደሌለባቸው አውቀው አደጉ። አንድ ልጅ «አባትህ ምን ይሠራል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ማለትን መማር ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምተው።

ትራምቦ በዚያ ዘመን ከጻፋቸው ሁሉ ዓለም የወደደው «ሮማን ሆሊዴይ» ነው። ኦድሪ ሄፕበርን ልዕልት፣ ግሪጎሪ ፔክ ጋዜጠኛ ሆነው ሮም ውስጥ አንድ ቀን በነፃነት ሲዞሩ። ድርሰቱን ለፓራማውንት በራሱ ስም አድርጎ የሸጠለት ወዳጁ ኢያን ማክሌላን ሀንተር ነው። ፊልሙ በ1953 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የምርጥ ታሪክ ኦስካር ሀንተር ተሸለመ። ሀንተር ብዙም ሳይቆይ ራሱ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ከላርድነር ጋር ሆኖም በብሪታንያ ለሚሠራው የሮቢን ሁድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በውሸት ስም ይጽፍ ጀመር። ከሀብታም ቀምቶ ለድሃ የሚሰጠውን ሽፍታ በየሳምንቱ የአሜሪካ ልጆች ሲያዩት፣ የጻፉት የተሳደዱ ሰዎች መሆናቸውን ማን ያውቃል? በ1957 የወጣው «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» ሲሸለም ደግሞ ኦስካሩ ለልብ ወለዱ ደራሲ ለፈረንሳዊው ፒየር ቡል ተሰጠ። ስክሪፕቱን የጻፉት ጥቁር መዝገብ ላይ ያሉት ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን ነበሩ።

በስቱዲዮ አለቆቹ ብዙም አልገረምም፤ ነጋዴ ገበያውን ይፈራል። የሚከብደኝ የማኅበሩ ነገር ነው። የስክሪን ጸሐፊዎች ማኅበር በ1933 የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት የደራሲ ስም በፕሮዲዩሰር ፈቃድ እንዳይሰረዝ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆን ሃዋርድ ላውሰን ከአሥሩ አንዱ ሆኖ ታሥሯል። ይኸው ማኅበር ነው በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በኮሚቴው ፊት «ያልጸዱ» ደራሲዎችን ስም ስቱዲዮዎች ከፊልም ላይ እንዲያነሡ የፈቀደው። የቆመለትን ነገር በገዛ ፊርማው አሳልፎ ሰጠ።

ከሮበርት ሪች ምሽት በኋላ ትራምቦ የተጠቀመበት ዘዴ የድራማ ጸሐፊ ዘዴ ነው። ጋዜጠኛ ደውሎ «ሪች አንተ ነህ?» ሲለው ነኝም አይደለሁምም አይልም። ምናልባት እገሌ ይሆናል፣ እሱን ጠይቀው ይላል። ስሙ ስለጠፋ የሁሉም ጥሩ ፊልም ደራሲ ተብሎ መጠርጠር ጀመረ። በጃንዋሪ 1959 የኦስካር አካዳሚው ለኮሚቴው አልመሰክርም ያለ ሰው አይሸለምም የሚለውን ደንቡን ሲያነሣ፣ ትራምቦ ሮበርት ሪች እኔ ነኝ ብሎ በቴሌቪዥን ወጣ።

ግድግዳው የፈረሰው በ1960 ነው። በጃንዋሪ ዳይሬክተር ኦቶ ፕሬሚንገር «ኤክሶደስ»ን የሚጽፍለት ትራምቦ መሆኑን በይፋ አስታወቀ። ከርክ ዳግላስ ደግሞ ትራምቦ «ሳም ጃክሰን» በሚል ስም ሲጽፍለት የቆየውን «ስፓርታከስ» በእውነተኛ ስሙ አወጣው። መጀመሪያ የደፈረው ማን ነው በሚለው ሁለቱም ወገኖች ሲከራከሩ ኖረዋል። «ስፓርታከስ» የተወሰደበትን ልብ ወለድ የጻፈው ሃዋርድ ፋስትም ለዚያው ኮሚቴ ስም አልሰጥም ብሎ የታሠረ፣ መጽሐፉን አሳታሚ አጥቶ በ1951 በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ሰው ነው። ስለ ባሪያዎች አመፅ የሚናገር ታሪክ ከሁለት እስረኞች እጅ አልፎ ሲኒማ ቤት ገባ። ፀረ ኮሚኒስት ሰልፈኞች ቢቃወሙትም ሕዝቡ ገብቶ አየው።

የቀረው ስም መመለስ ነበር፤ እሱም ቀርፋፋ ሥራ ሆነ። የ«ዘ ብሬቭ ዋን» ሐውልት በትራምቦ እጅ የገባው በ1975 ነው፤ ሳንባው ታሞ በነበረበት ጊዜ። በቀጣዩ ዓመት በሴፕቴምበር ሞተ። ፎርማንና ዊልሰን የ«ክዋይ» ኦስካራቸው የታወቀላቸው በ1984 ሁለቱም በሕይወት በሌሉበት ነው። የ«ሮማን ሆሊዴይ»ን ኦስካር በ1993 የትራምቦ ባለቤት ክሊዮ ተቀበለችለት። የፊልሙ የስክሪፕት ደራሲነት ሙሉ በሙሉ የተመለሰለት ደግሞ በዲሴምበር 2011 ነው። ጉዳዩን ሲከታተል የነበረው ልጁ ክሪስቶፈር በዚያው ዓመት በጃንዋሪ አርፏል፤ ውሳኔውን አልሰማም።

አንድ ፊልም ግን በእኔ ዘንድ ከሁሉም ይለያል። «ዘ ፕራውለር» ይባላል፤ ጆሴፍ ሎዚ የሠራው፣ በ1951 የወጣ። ሲጀምር የሚታየው የደራሲ ስም የወዳጁ የሂዩጎ በትለር ነው። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ሴት ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ቤት ሆና ሬዲዮ ትከፍታለች፤ ባሏ የሌሊት ፕሮግራም አቅራቢ ነውና ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል። ያ ከሬዲዮው የሚወጣው ድምፅ የትራምቦ ነው። ወህኒ ቤት ከመግባቱ በፊት ቀርፆት የሄደው። ስሙ ከፊልሙ ላይ ቢጠፋም ድምፁ ውስጡ ቀርቷል።