ዝናብ ሳይጥል ወንዝ ለምን ይሞላል?

ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አትባራ እንዴት በአንድ ሌሊት ይሞላል? ይህ ጥያቄ በዚህ በገዳሪፍ አካባቢ ለምንኖር ሁሉ የሚነሣ ነው። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግሪካዊው ሄሮዶቱስ፣ አትባራ የሚገባበት ዓባይ በበጋ ፀሐይ ለምን እንደሚሞላ ሲጠይቅ ሦስት መልስ ሰማ፤ ነፋስ ነው፣ ውቅያኖስ ነው፣ የቀለጠ በረዶ ነው የሚል። ሦስቱንም አልተቀበለም፤ እርሱም ግን እውነተኛውን ምክንያት አላገኘም።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1861 በአትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ፣ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጁን 23 ሌሊት ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ሰዎች እየተጯጯሁ ወደ ዳር ሸሹ። ሲነጋ ወደ 450 ሜትር የሚሰፋ፣ ከ4 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ወንዝ ይፈስ ነበር። በዚያ ስፍራ ግን አንድ ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ቤከር ወንዞቹን ሽቅብ ተከትሎ ሲጓዝ፣ ውኃውም ደለሉም ከኢትዮጵያ ተራሮች እንደሚመጣ ተረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት እርጥብ ነፋስ ከደጋችን ተራሮች ጋር ሲጋጠም ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘው እንፋሎት ዝናብ ይሆናል። የስሜን ተራራ ከፍታው ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ ገዳሪፍ ግን 600 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጎርፉ በጓንግ፣ በአንገረብ፣ ሱዳኖች ሰቲት በሚሉት በተከዜም እየተንደረደረ ይወርዳል።

ውኃው ብቻውን አይመጣም፤ ያደፈረሰው የእኛው አፈር ነው። በ1964 የተሠራው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ ነበር። መንደራቸው በአስዋን ግድብ ውኃ ሊዋጥ ሲል ከወዲ ሐልፋ የተነሡ 50,000 ያህል ኑብያውያን በዚህ ውኃ እንዲያለሙ አዲስ ሐልፋ ላይ ሰፈሩ። ከዓመታት በኋላ ግን ደለሉ የግድቡን ግማሽ ያህል ሞላው፤ እርሻውም ውኃ አጠረው። አገሩን ውኃ የወሰደበት ሕዝብ፣ በተሰደደበት ደግሞ ደለል ውኃውን ቀማው።

እንግዲህ የአንድ አፈር መታጠብ ሁለት ሕዝብ ይጎዳል፤ የላዩ ገበሬ ማሳው ይሳሳበታል፣ የታችኛው ቦዩ ይደርቅበታል። መድኃኒቱ ደግሞ በአገራችን አለ። የኮንሶ ገበሬዎች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በድንጋይ እርከን አፈራቸውን ይዘው ኖረዋል። ወደ ማሳችን ለመመለስ ስንበቃ ከማረሳችን በፊት እርከን እንሥራ።