ላስታን ታክከው ያለፉ መንገዶች

ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው የጉዞውን አብዛኛውን ክፍል የሚገፋው ለሌላ ጉዳይ በተሠራ መንገድ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በደሴ አድርጎ እስከ ወልድያ የሚደርሰውን 520 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ዛሬው አድርጎ የዘረጋው ፋሽስት ኢጣልያ ሲሆን፣ ሐሳቡ አዲስ አበባን ከአስመራ ማገናኘት ነበር። ጣርማ በር ላይ ተራራውን የበሳውም ለዚሁ ነው። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ዳገቱን የሚወጣው መንገድ ደግሞ የሚያመራው ወደ ወረታ ነው። ላሊበላ ከሁለቱም ወጣ ብላ ተቀምጣለች።

ይህ ከመኪና ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ላሊበላ ባለችበት በላስታ ዙሪያ ትልቅ መንገድ በተቀየሰ ቁጥር አገሩን ታክኮ ያልፋል፤ ቀያሹም ብዙ ጊዜ ሠራዊት ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የአፄ ቴዎድሮስ መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሡ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን ጨምሮ መድፎቻቸውን ሁሉ ይዘው ነበር። ሴባስቶፖል ብቻውን ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ይህን የሚሸከም ጎዳና በጋይንትም በዋድላም ስላልነበረ ሠራዊቱ መንገዱን እየጠረገ፣ ድንጋዩን እየፈነቀለና ሠረገላውን በጠፍር እየጎተተ ሄደ። ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሰው ቀድመው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮጳውያን ጽፈዋል። አገሩ ሸፍቶባቸዋል፤ ስንቅም የለም። ከዋድላ ወደ ደላንታ ለመሻገር ደግሞ የጅጣን ገደል መውረድና መልሶ መውጣት ግድ ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ አንድ ሺህ ሜትር ያህል የሚወርደው ይህ ገደል ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው እንኳ ጉልበቱን የሚይዝበት ነው። እዚያ ላይ ጎኑን እየቆረጡ፣ እያጠማዘዙ መድፉን አወረዱት፤ በማዶውም አወጡት። ከበሽሎ ወንዝ በኋላ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ቴዎድሮስን ሊወጋ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዙላ ተነሥቶ፣ መድፍ የተጫኑ ዝሆኖች አስከትሎ ወደ ደቡብ ይመጣል። ላሊበላን በስተቀኙ ትቶ ተከዜን ከምንጩ አካባቢ ተሻገረና ዋድላ ወጣ። ቤተ ሖር ሲደርስ የተዘጋጀ ጎዳና ጠበቀው፤ የቴዎድሮስ መንገድ! የእንግሊዝ መኮንኖች አሠራሩን አደነቁ፤ አድንቀውም አልቀሩ፣ ጅጣን በእሱው ወርደው በእሱው ወጡ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ። ያን ያህል ላብ የፈሰሰበት መንገድ ከባለቤቱ ይልቅ ለጠላቱ ጠቀመ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ላሊበላን ያየ ሁሉ እንግዲህ ከዋናው ጎዳና የወጣ ነው። ከናፒየር ጦር ጋር የመጣው ጀርመናዊው ገርሃርድ ሮልፍስ ከመቅደላ ሲመለስ ሠራዊቱን ተለይቶ በላሊበላ በኩል አለፈ። ከእሱ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ፣ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የወረደው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም እንዲሁ ጎራ ብሎ ነበር ያያት። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከገለጸ በኋላ፣ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰግቶ፣ የጻፈው እውነት ስለመሆኑ በእግዚአብሔር ይምላል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ጠላት በዋናው መንገድ ወደ ደሴ ሲገሠግስ፣ እሳቸው ወደ ላሊበላ ዞረው ጸሎት አድርሰዋል። በጦርነቱ የተሸነፈ ንጉሥ ጠላት እየተከተለው ሱባዔ መግባቱን ያኔም ዛሬም የሚተቹ አሉ። እኔ ግን ሌላ የት ይሂዱ እላለሁ።

ለውጭው ጎብኚ ከደህና መንገድ ይልቅ አውሮፕላን ቀድሞ ደረሰለት። በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 በበጋ ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር። ክረምት ሲገባ ያው በቅሎ ነው። ዩኔስኮ አብያተ ክርስቲያናቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከወረታ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ገና በቻይናዎች እጅ እየተሠራ ነበር። ቻይናና ኢትዮጵያ በንጉሡ ዘመን የጀመሩት ወዳጅነት ፍሬ ሲሆን ያለቀው በደርግ ጊዜ ነው። አገሬው እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በጋይንትና በዋድላ ደጋ ሲሄድ ቴዎድሮስ መድፍ ከጎተቱበት አገር ብዙም አይርቅም።

ከዚህ መንገድ ለላሊበላ የደረሳት መገንጠያዋ ጋሸና ነች። ረዳቱ «ላሊበላ ወራጅ!» ብሎ በሩን ሲከፍት የዋድላ ነፋስ ቀድሞ ይገባል፤ ጋቢ የያዘ ይደርባል፣ ያልያዘ ሻይ ቤት ይሮጣል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቆ፣ የገብሱን ማሳ ትቶ ወደ ተከዜ ቆላማ ሸለቆ መውረድ፣ ከዚያ መልሶ መውጣት ነው፤ 64 ኪሎ ሜትር። በዚያው ልክ ለገና ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ በእግሩ የሚመጣ ምእመን አለ፤ በሶና ጭብጦ ቋጥሮ፣ ዘንግ ይዞ፣ በየመንደሩ እያደረ። ሲደርስ የላሊበላ ሰው ውኃ አቅርቦ እግሩን ያጥበዋል።

ጋሸና መገንጠያ መሆኗ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ዋጋ አስከፍሏታል። ወልድያን፣ ላሊበላንና ደብረ ታቦርን የሚያገናኘውን መስቀለኛ የያዘ ሦስቱንም አቅጣጫ ይይዛልና ለወራት የጦር ግንባር ሆነች፤ ላሊበላም ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ እንደተከፈተ ግን ቤቱ የተቃጠለበትም ያልተቃጠለበትም ሻይ አፈላ። ለታኅሣሥ 29 የመጣው ሕዝብ ከሌላው ዓመት ቢያንስም በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ ባለመኪናውም እግረኛውም።