የአእምሮ ጤናን በሥራ ቦታና በዕለት ተዕለት ኑሮ መጠበቅ

የሰኔ ወር ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሥራ ይበዛል። ሂሳብ ይዘጋል፣ ንብረት ይቆጠራል፣ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ይጠናቀራል። በዚህ ወቅት ለጥቂት ቀናት መወጠርም ሆነ እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ሲሆን፣ ሥራው ሲጠናቀቅ ውጥረቱም አብሮ ይረግባል። ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲጋመስም እንቅልፉ ያልተመለሰለት፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው፣ ቀላል ደብዳቤ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሠራተኛ ሁኔታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው እንደ ታመመ ሳይሆን እንደ ሰነፍ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል እንጂ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው አያገኝም። በወቅቱ ቢታከም ሊድን የሚችል ሰው በዚህ ምክንያት ሥራውን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል።

የአእምሮ ጤና ምንድን ነው?

የአእምሮ ጤና ማለት የአእምሮ ሕመም አለመኖር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው የኑሮን ውጣ ውረድ የሚቋቋምበት፣ ችሎታውን አውቆ በአግባቡ የሚማርበትና የሚሠራበት፣ ለማኅበረሰቡም አስተዋጽኦ የሚያደርግበት ደኅንነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባወጡት ግምት መሠረት፣ በድብርትና በጭንቀት ሕመም ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀናት ይባክናሉ። ይህም በምርታማነት ላይ የሚያደርሰው ኪሳራ ወደ 1 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። በመሆኑም ጉዳዩ የግለሰቡ ብቻ ሳይሆን የአሠሪውና የአገር ጭምር ነው።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች

ከሚከተሉት ውስጥ የተወሰኑት በአብዛኛው ቀን፣ ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ከቆዩ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል፦

• የማያቋርጥ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ፣ ቀድሞ ለሚያስደስቱ ነገሮች ፍላጎት ማጣት፤
• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፤
• ትኩረት ማጣት፣ መርሳት፣ ውሳኔ ለመስጠት መቸገር፤
• ራስን መውቀስና ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠር፤
• በምርመራ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠንና ድካም።

በአገራችን ብዙ ሰው «ተጨንቄአለሁ» ከማለት ይልቅ «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤን ያቃጥለኛል» ማለት ይቀለዋል። ስለዚህ ተደጋጋሚ የሰውነት ሕመም ሲያጋጥም ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስሜትና ስለ ኑሮ ጫና ለሐኪም መናገር ምርመራውን የተሟላ ያደርገዋል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ሊደረግ የሚገባው

*እንቅልፍ።* በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሣት ይመከራል። ከመኝታ በፊት ስልክን ማራቅ፣ ከሰዓት በኋላም ቡና መቀነስ ይጠቅማል። ሦስቱን የቡና ዙር ማምሻውን ጠጥቶ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ማለት ተገቢ አይሆንም።

*እንቅስቃሴ።* ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድን የመሰለ ቀላል ልማድ እንኳ፣ በየቀኑ ከተደረገ ውጥረትን ይቀንሳል።

*ጫትና አልኮል።* ሁለቱም ለጊዜው የሚያነቃቁ ወይም የሚያረጋጉ ቢመስሉም፣ እንቅልፍን ያዛባሉ፤ ጭንቀትንና ድብርትንም ያባብሳሉ። ጫት ያሳጣውን እንቅልፍ በመጠጥ ለማምጣት መሞከር ደግሞ ችግሩን በእጥፍ ያሳድገዋል።

*ማኅበራዊ ሕይወት።* ዕድር፣ ማኅበርና የጎረቤት ቡና ሰው ብቻውን እንዳይቀር የሚጠብቁ ሀብቶቻችን ናቸው። ለቅሶ ደርሰን ሐዘንተኛን እንደምናስተዛዝን ሁሉ፣ ሥራ ያጣን ወይም ከሰው የራቀን ወዳጅም ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ከሰው መራቅ ራሱ የሕመሙ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ የቀረውን ሰው መቀየም ሳይሆን መፈለግ ይበጃል።

በሥራ ቦታ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስቀመጣቸው የዕረፍት ድንጋጌዎች የአእምሮ ጤናንም ይጠብቃሉ። በአዋጁ መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ሠራተኛው ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት፣ እንዲሁም ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል። የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም የሦስት የሥራ ቀናት ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጠዋል።

የሙከራ ጊዜውን ያጠናቀቀ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ካልቻለ፣ በ12 ወራት ውስጥ በጠቅላላው እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ክፍያውም ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት የደመወዙ ግማሽ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው። ሠራተኛው ሕመሙን በወቅቱ ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል፤ በዝምታ የተቀረ ቀን ያለ በቂ ምክንያት እንደ መቅረት ሊቆጠር ይችላልና። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ በመሆኑ የሰው ሀብት ክፍላቸውን ሊጠይቁ ይገባል።

የሥራ ኃላፊዎች በበኩላቸው የሚከተሉትን ሊፈጽሙ ይገባል፦

• ሥራን እንደ አቅምና እንደ ጊዜ ማከፋፈል፣ የሚጠበቀውን ውጤት በግልጽ ማስቀመጥ፤
• አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ከሥራ ሰዓት ውጭ በቴሌግራም የሥራ ትእዛዝ አለመላክ፤
• ስህተትን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ማረም፣ ስድብን፣ ማሸማቀቅንና ጾታዊ ትንኮሳን አለመታገሥ፤
• አፈጻጸሙ በድንገት የወረደን ሠራተኛ ከመቅጣት አስቀድሞ ለብቻ ጠርቶ ደኅንነቱን መጠየቅ፣ የነገረውንም በምስጢር መያዝ፤
• ከሕመም ፈቃድ ለተመለሰ ሠራተኛ ሥራውን ደረጃ በደረጃ መስጠት።

ሕክምና የት ይገኛል?

በመጀመሪያ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። እንደ ሁኔታው በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጡ ሌሎች ሆስፒታሎች ሪፈር ይጻፋል። ሕክምናው የምክር አገልግሎት፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱንም ሊያካትት ይችላል። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ «አልሠራልኝም» ወይም «ተሽሎኛል» በሚል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አይገባም። ጠበልና ጸሎት የሚከታተሉ ወገኖችም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እምነታቸውን መፈጸም ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አስቸኳይ ሁኔታ

አንድ ሰው ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ ንግግሩን እንደ ቀልድ ማለፍ አደገኛ ነው። በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምረውም፤ ይልቁንም የሚናገርበትን በር ይከፍትለታል። ሰውየውን ብቻውን አለመተው፣ ራሱን ሊጎዳባቸው የሚችሉ ነገሮችን ከአካባቢው ማራቅና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ማድረስ ያስፈልጋል።

የተሰበረ እግር ይዞ ሥራ የሚገባን ባልደረባ ማንም ሰነፍ አይለውም። የአእምሮ ሕመም ያጋጠመው ሠራተኛም ተመሳሳይ አክብሮት፣ ፈቃድና ሕክምና ይገባዋል።