ተሳፋሪው ወባ

ስሙኝማ! ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደጋ ናቸው፤ ሦስቱም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸውና ወባ አገሩ አይደለም ይባላል። እውነትም ነው፣ በአብዛኛው። ነገር ግን ሦስቱም የአዲስ አበባ በር ናቸው። በሰበታ የወጣ ጅማ ሊገባ ግቤ በረሃ ይወርዳል፤ በሱሉልታ የወጣ ጎጃም ሊሻገር ዓባይ በረሃ፤ በቡራዩ የወጣ በአምቦ አድርጎ ወለጋ። የወረደም ይመለሳል።

አንድ የቡራዩ ጎልማሳ እንበል፤ ስሙ ምን ያደርግላችኋል? ክረምቱ ሲወጣ ለቀን ሥራ ወለጋ፣ ዲዴሳ ሸለቆ ወርዶ ያለ አጎበር አደረ። የወባ ትንኝ ነከሰችው፤ ሴቷ ናት፣ ወንዱ ደም አይቀምስም። በምራቋ የገባው ተሕዋስ ሰዓት ሳይሞላ ጉበቱ ውስጥ ተሸሸገ። ሰውየው ገንዘቡን ቋጥሮ፣ ምንም ሳያመው፣ በአውቶቡስ ቤቱ ገባ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዘፈዘፈው። ጎረቤት "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ጨመቀለት። ላብ አጠመቀውና ቀለል አለው፤ አንድ ቀን ዘሎ ደግሞ ተነሣበት። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ባለሙያዋ ደም ሳትወስድ በፊት "ሰሞኑን ከየት መጣህ?" አለችው። እኔ ከማይክሮስኮፑ ይልቅ ለዚህች ጥያቄ አደላለሁ።

ታዲያ የቡራዩ ትንኝ ከእሱ ወስዳ ለጎረቤት አታጋባም? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ተሕዋሱ ትንኟ ሆድ ውስጥ ካልጎለመሰ አይተላለፍም፤ ለመጎልመስ ሙቀት ይሻል። በ25 ዲግሪ ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅበትም። ከተሕዋሱ ዓይነቶች ፋልሲፓረም ከ18፣ ቫይቫክስ ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆንባቸው ግን ይንቀራፈፋሉ፤ ሳይደርሱ ትንኟ ትሞትባቸዋለች። ደጋውን የሚጠብቀው ይኸው እሽቅድምድም ነው።

ሲሞቅስ? በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡም ሙቀቱም ከልክ አለፈና ወባ እስከ 2,150 ሜትር ወጣ፤ ለምዶት የማያውቀው ደገኛ እንደ ቅጠል ረገፈ። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። በደብረ ዘይት ዙሪያ የተደረገና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በሞቃት ዓመታት ወባው ሽቅብ እንደሚወጣ አሳይቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ እስከ ጥቅምት ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ወለጋም ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር።

የሰውየው ውጤት ቫይቫክስ ሆነ። ይኼኛው ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ ከክሎሮኪኑ ሌላ የ14 ቀን ፕሪማኪን ታዘዘለት። በአራተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ክኒኑን ተወው። ጥር ላይ፣ ከቡራዩ ሳይወጣ፣ አንዲት ትንኝም ሳትነክሰው ያንኑ ንዳድ ታመመ።